ሞላው ስለቆመ ካሜራና ከሣጥኑ ስለወጡ ፊልሞች

ጥያቄ (ባጭሩ)፦ «አዳማ የምሠራ የሠርግ ካሜራማን ነኝ። ከአራት ወር በፊት ወንጂ ካለ ሰው ላይ በእጅ የሚሞላ የድሮ ቦሌክስ ካሜራ፣ ባለ 8 ሚሊሜትሩን፣ በ18 ሺህ ብር ገዛሁ። ‹የአባቴ ነው፤ ይሠራል› ብሎኛል። ሞልቼ ስጫነው ግን አምስት ሰከንድ ሄዶ ቀጥ ይላል። ሰዓት ሠሪ ከፍቶ አይቶት ግራሶው ደርቋል አለኝ። ሻጩ አሁን ስልክ አያነሣም። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? በነገራችን ላይ፣ ካሜራው በነበረበት ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ ጥቅል ፊልም አገኘሁ። ወደ ዲጂታል አስቀይሬ የተወሰነውን ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት፤ ሰው በጣም ወዶታል። የሻጩ እህት ግን ደውላ ተሳደበች። ችግር ይኖረዋል?»

መልስ፦ ደብዳቤ ሲመጣልኝ «በነገራችን ላይ» ከሚለው ጀምሬ ማንበብ ከለመድኩ ቆየሁ። ባለጉዳይ ቢሮዬ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ስለ ጎረቤቱ አጥር ያወራኝና ሊወጣ ሲል፣ በሩን ይዞ፣ «በነገራችን ላይ የፍርድ ቤት ዕግድ ደርሶኛል» ይለኛል። የእርስዎም ነገር ከዚህ አይለይም። ሰባት መስመር ስለ ሞላ ጽፈው ዋናውን ጣጣ በስተመጨረሻ ጣል አደረጉት።

ካሜራውን ቶሎ ልጨርሰው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ያደርገዋል። ዕቃው ያገለገለ መሆኑ ብቻውን ይህን ዋስትና አያስቀርም። ያም ሆኖ የአያት ዘመን ካሜራ እንደ አዲስ ሊሠራ ይገባ ነበር ብሎ የሚፈርድልዎ ዳኛ አይጠብቁ። ክርክርዎ የሚቆመው «ይሠራል» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው። በቴሌግራም ጽፎት ከሆነ መልእክቱን አያጥፉ። በቃል ብቻ ከሆነ ማን ሰማ? ለእንዲህ ያለ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ የጽሑፍ ውል አያስገድድም፤ የላኩበት የቴሌብር መልእክትና አንድ ምስክር ብዙ ይረዳሉ። «እንዳለ ነው የምሸጥልህ» ብሎዎት ከነበረ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለውና ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

የሚያሳስበኝ አራቱ ወር ነው። ገዢ ዕቃውን ቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት (ቁጥር 2291 እና 2292)። ዝም ብሎ የቆየ ሰው፣ ሻጩ እያወቀ አታሎት ካልሆነ በቀር፣ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስልክ ደጋግሞ መደወል ማስታወቅ ነው ብዬ ልከራከርልዎ እችላለሁ፤ አሸንፋለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም። ስለዚህ ዛሬውኑ ጉድለቱን ዘርዝረው ይጻፉ፤ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፤ ቅጂውንና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ክስ ለመመሥረት ደግሞ ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ ያለዎት አንድ ዓመት ነው (ቁጥር 2298)።

ሰዓት ሠሪው መክፈቱ ሻጩን «እሱ ነው ያበላሸው» ለማለት ያመቸዋል። ፎቶ ቤት ያለው አንድ ደንበኛዬን ጠይቄው ነበር። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ባለ ሞላ ካሜራ ግራሶው ይጋግርና ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ የተለመደ ሕመሙ ነው አለኝ። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዜና ነው። ግራሶ በአራት ወር አይጋገርም፤ ጉድለቱ ሲገዙትም ነበረ ማለት ነው። ሰዓት ሠሪው ሲከፍተው ያየውን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርምልዎት። ከእንግዲህ ካሜራውን ማንም እንዳይነካው፣ ዘይትም እንዳይጨምሩበት። ደግሞ አንድ ያልነገሩኝ ነገር፦ ሲከፈት ውስጡ ጥቅል ነበረ? ነበረ ከሆነ ብርሃን ነክቶታልና እሱም በማስታወሻዎ ይግባ።

ክሱ አዳማ የሚቀርብ ከሆነ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የሰነድ ማስተርጎሚያ ወጪ ይኖራል። ለ18 ሺህ ብር ስንት እንደሚያወጡ አስቀድመው ያስሉ።

አሁን ወደ ሣጥኑ።

ከባለጉዳዮቼ ስንቱ «ገዝቼዋለሁ፤ የእኔ ነው» በምትል ሐረግ ገደል እንደገባ ብነግርዎ አያምኑኝም። አንዱ አሮጌ ቁም ሣጥን ይገዛና መሳቢያው ውስጥ ያገኘውን የቤተሰብ ፎቶ ካፌው ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሌላው ያገለገለ ስልክ ይገዛና ውስጡ የቀረውን ቪዲዮ ለጓደኛው ይልካል። ዕቃውና ዕቃው ላይ ያለው ምስል በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው። ፕላስቲኩ የእርስዎ ይሁን ብንል እንኳ (የሸጠልዎት ካሜራውን ብቻ ነው ወይስ ሣጥኑን ከነፊልሙ የሚለውም ገና አከራካሪ ነው) በፕላስቲኩ ላይ የሚስቁትን ሰዎች ለሕዝብ የማሳየት መብት አብሮ አልተሸጠልዎትም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሰውየው ምስሉ መታየቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ካሣም ሊከተል ይችላል። ከዚህ ሌላ የቅጂ መብት አለ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን የሚሰጠው ፊልሙን ለቀረጸው ሰው እንጂ ጥቅሉን በእጁ ለያዘው አይደለም።

«ሕጉ ልዩ ሁኔታ የለውም ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለው፤ ቁጥር 28 ላይ። የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ሲሆን ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረ ነው። ከጥቅሎቹ በአንዱ ላይ የፋብሪካ በዓልና የተሰበሰበ ሕዝብ ካለ፣ ለእሱ የምለው አላጣም።

ግን እስቲ ካሜራው ራሱ የሚነግረንን እንስማ። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ጥቅል ርዝመቱ 7.5 ሜትር ነው። መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ይቀረጻል፤ ከዚያ ተገልብጦ በሌላው ጎኑ፤ ከታጠበ በኋላ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ይቀጣጠላል። በሰከንድ በ16 ምስል ፍጥነት ሁለቱም ጎን ተደምሮ አራት ደቂቃ ያህል ነው። ፊልሙም ማሳጠቢያውም ውድ ነበር፤ ሞላውም በየጥቂቱ ይሞላል። አራት ደቂቃ ብቻ በእጁ ያለው አባወራ መንገደኛ ሲቀርጽ አይውልም። የሚቀርጸው ሚስቱን፣ ክርስትናውን፣ ግቢው ውስጥ የምትሮጠውን ልጁን ነው። አሥራ አንዱ ጥቅል ሲደመር አርባ አራት ደቂቃ ግድም የአንድ ቤት ጓዳ ነው እንጂ የአደባባይ ጉዳይ አይደለም። ያቺ የምትሮጠው ሕፃን ደግሞ ዛሬ ማን ትመስልዎታለች? ደውላ የተሳደበችው እህት ራሷ ብትሆን አልደነቅም። እንደዚያ ከሆነ ቁጥር 27ን የምትጠቅሰው ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሷ ምስል ነው።

በፊልሙ ላይ ያሉት አባትና እናት በሕይወት የሉም ብለን እንነሣ። ሲሞቱ ነገሩ አይዘጋም። የምስሉ መታየት የሟቹን ክብር ወይም ስም የሚነካ ከሆነ የቅርብ ቤተ ዘመድ ይነሣልን ሊል ይችላል (ቁጥር 30)። እርስዎ «ያምራል» ብለው የለቀቁት ጭፈራ ለልጆቹ ምን እንደሚመስል ከውጭ ሆነው ሊያውቁ አይችሉም። ምን ሙዚቃ ደረቡበት? ምን ብለው ጻፉበት? ከሥሩ የተሰጠውን አስተያየትስ አንብበውታል?

ሌላም ነገር ሸሽገውኛል፣ ወንድሜ። የሠርግ ካሜራማን ነዎት። ቪዲዮው ላይ የስቱዲዮዎ ስም ወይም ስልክ አለ? እኔ አለ ብዬ እገምታለሁ። ካለ፣ «ለባህል ጥቅም ነው» የሚለው መከራከሪያ ከአፍ ሳይወጣ ይሞታል፤ የሰው እናት ለሥራዎ ማስታወቂያ ሆናለች ማለት ነው። «የተወሰነውን ለቀቅሁ» ያሉትም አላመለጠኝም። የቀረውን ለማን አሳዩ? ለማንስ ላኩ?

እህት መኖሯ ሌላም ጥያቄ ይጭራል፤ ሻጩ ብቸኛ ወራሽ አይደለም። ውርሱ ካልተከፈለ ብቻውን የመሸጥ ሥልጣን አልነበረውም ይሆናል። ካሜራውን በተመለከተ፣ በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍለው ተረክበውት ከሆነ ቁጥር 1161 ይጠብቅዎታል፤ ተሰርቆ የተሸጠ ነው ከተባለ ግን ባለቤቱ ዕቃውን እንዲያስመልስ የሚፈቅደው ቁጥር 1165 ይመጣል። እንግዲህ ሲገዙ የጠረጠሩት ነገር ነበረ?

የምመክርዎ ይህን ነው። ቪዲዮውን ዛሬ ከቲክቶክ ላይ ያጥፉ፤ ከማጥፋትዎ በፊት ግን የተለቀቀበትን ቀንና ያየውን ሰው ብዛት ከነገጹ ፎቶ ያንሡ። ጥቅሎቹን አይቁረጡ፣ አይሽጡ፣ አይጣሉ። ኮምጣጤ የሚሸት ጥቅል ካለ መበስበስ ጀምሯልና ከሌሎቹ ለይተው ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ በእርስዎ እጅ እያለ ቢጠፋ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት ይባላል። ከዚያ ቤተሰቡ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ይፈልጉና ዲጂታሉን ቅጂ በፍላሽ ይዘው ይላኩ። እናታቸውን ለዓመታት ያላዩ ልጆች ቅጂውን ሲያገኙ ነገር ሲበርድ በሌሎች ጉዳዮች አይቻለሁ። ከተስማሙ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ጥቅል፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ በስም ይዘርዘር፤ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ። «ይሁን» የተባለ ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ይተናል። የ18 ሺህ ብሩን ጉዳይ በዚያው ሽምግልና ላይ ማንሣትም ከክስ ሊሻል ይችላል። ይሁንና ጠበቃ ሳያይልዎ «አጥፍቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

በዚህ ካሜራ ለሙሽሮች እሠራለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት፣ አንዱ ጥቅል አራት ደቂቃ ብቻ እንደሚወስድና ሞላው መሐል ላይ ሊቆም እንደሚችል በውልዎ ላይ ይጻፉት። በኋላ «ሙሉ ሠርጌ የት አለ?» የሚል ሙሽራ እኔ ጋ እንዳይመጣ።

ከደብዳቤው ብቻ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። አዳማ ካሉ ጠበቆች ወደ አንዱ፣ ወይም ወደ እኔ፣ መልእክቶቹን፣ የቴሌብሩን ማረጋገጫና የሰዓት ሠሪውን ወረቀት ይዘው ይቅረቡ። ደግሞ እህትየዋ «ተሳደበች» ብለው ጽፈዋል፤ እርስዎ ምን እንደመለሱላት ግን አልጻፉም። የስልክ ንግግሩ ተቀድቶ ከሆነ ሳይቆርጡ እንዳለ ይዘውት ይምጡ።