ጥያቄና መልስ፦ ለሚደነብር የመጠለያ ውሻ ልምድ ያለው ቤት እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲሆን ለአንድ የእንስሳት መጠለያ በጊዜያዊ አሳዳጊነት በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ ቤቴ ያለው ዱክ የተባለ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ድቅል ውሻ ነው። ቤት ውስጥ እንደ እርሱ ያለ ጨዋ አላየሁም። በአማርኛ «ና»፣ «ተው»፣ «ቁጭ በል» ስለው ይሰማኛል፤ ምግቡን ብነካበት እንኳ አያጉረመርምም። ከቤት ስንወጣ ግን ሌላ ውሻ ከመንገዱ ማዶ ካየ ይጮኻል፣ ገመዱን እየጎተተ ይወረወራል፤ ብስክሌትና ኮፍያ ያደረገ ወንድም ያስደነብሩታል። መጠለያው «ሪአክቲቭ»፣ ማለትም ባየው ነገር ቶሎ የሚደነብር፣ ይለዋል። ሁለት ቤተሰቦች ወስደው መልሰውታል። ሁለተኛዎቹ የመለሱት ሳይደውል የመጣ እንግዳ በር ላይ እጁን ሲዘረጋለት የሹራቡን እጅጌ ስለ ነከሰ ነው፤ ቆዳው ግን አልተነካም።

መጠለያው ማስታወቂያው ላይ «ልምድ ላለው ቤት ብቻ» ብሎ ከጻፈ ወዲህ የደወለ ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወንድም ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ መሬት ስላለው ለጥበቃ እንድሰጠው ይለምነኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «የእጅጌውን ነገር ካላነሳሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰው ይወስደዋል» ይለኛል። እኔ የሌሊት ሥራ ስለምሠራ ለዘለቄታው ላስቀረው አልችልም። ለመሆኑ ልምድ ያለው ቤት ማለት ምን ማለት ነው? እንዴትስ ላገኘው እችላለሁ?
— ብ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚቆም ከታናሽ ወንድምዎ ምክር ልጀምር። የእጅጌውን ነገር አይደብቁት። በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት መጠለያዎች አንድ ውሻ ሰው ወይም ሌላ እንስሳ ነክሶ እንደሆነ የሚያውቁትን ለሚወስደው ሰው አስቀድመው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እጅጌ መንከስ በሕግ ዓይን ምን እንደሚባል ለመጠለያው ይተዉትና እርስዎ የሆነውን እንደሆነው ይንገሩ። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዱክ ራሱ ነው። ነገሩ ያልተነገረው ሰው ውሻውን በወሰደ በሁለተኛው ሳምንት እንግዳ ይጠራል፣ እንግዳውም እጁን ይዘረጋል፤ በዚህኛው ጊዜ የሚነከሰው እጅጌ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ ሰው የነከሰ ውሻ ለእብድ ውሻ በሽታ ሲባል 10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል፤ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ያውም ሰው ነክሶ የተመለሰ ትልቅ ውሻ ደግሞ አዲስ ቤት የማግኘት ተስፋው በጣም ይመነምናል።

በትክክል ከተጻፈ ግን ይህ ታሪክ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የእንስሳት ሐኪምና የውሻ ጠባይ ባለሙያ የሆኑት ኢያን ደንባር ንክሻን በ6 ደረጃ ከፍለውታል። በ1ኛው ደረጃ ውሻው ይቃጣል እንጂ ጥርሱ ቆዳ አይነካም፤ በ2ኛው ጥርሱ ቆዳ ይነካል እንጂ አይበሳም፤ በ3ኛው በአንድ ንክሻ ከ1 እስከ 4 ቀዳዳ ይታያል፣ ጥልቀቱም ከክራንቻው ግማሽ አያልፍም። ከ4ኛው ጀምሮ ነገሩ ከባድ ነው፣ 6ኛው ሞት ነው። እርስዎ እንደነገሩን ከሆነ ዱክ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ «ሰው ነክሷል» ከሚል ደረቅ ቃል ይልቅ ቦታው በር ላይ መሆኑን፣ እንግዳው ሳይታሰብ እንደመጣና እጁን ወደ ውሻው እንደዘረጋ፣ ውሻውም የያዘው ጨርቅ ብቻ እንደሆነ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ልኩን ይረዳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ብዙ ሰው ልምድ ያለው ቤት ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ውሻ ያሳደገ ወይም ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ይመስለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭምት ውሾችን ያሳደገ ሰው ግን ስለ ዱክ የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል። የምንፈልገው ልምድ ከጩኸቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ማየት መቻል ነው። ውሻ ከመጮኹና ከመወርወሩ በፊት ሰውነቱ ይናገራል። አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ የነበረው በድንገት አፉን ይገጥማል፤ እርምጃው ይቆማል፣ አንገቱ ይገተራል፤ ጆሮው ወይ ወደፊት ይቀሰራል ወይ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ዓይኑን ሲያዞር ነጩ ይታያል። ልምድ ያለው ሰው በዚያች ቅጽበት ገመዱን ሳይጎትት ዞር ብሎ ርቀት ይጨምራል፣ ከኪሱ ቁራሽ ሥጋ አውጥቶ ይሰጠዋል። ልምድ የሌለው ሰው የሚያየው ጩኸቱን ብቻ ስለሆነ ሲደርስ ነገሩ አልፏል።

እንዲህ ያሉ ውሾች አብዛኞቹ የሚጮኹት ከፍርሃት ነው፤ ገመድ ስለያዛቸው መሸሽ አይችሉም፣ ስለዚህ የሚያስፈራቸውን ነገር ለማራቅ ይጮኻሉ። ሌላው ውሻ መንገዱን ቀጥሎ ሲሄድ ያባረሩት ይመስላቸዋልና በማግሥቱም ይደግሙታል። ጥቂቶቹ ደግሞ ሄደው መጫወት ፈልገው ገመዱ ስለከለከላቸው የሚበሳጩ ናቸው። ዱክ ከየትኛው እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ፤ የሚፈራና የሚበሳጭ ውሻ የሚስማማቸው ቤት አንድ አይደለምና። ለምሳሌ የሚበሳጨው የተረጋጋ ጓደኛ ውሻ ባለበት ቤት ሊደሰት ይችላል፤ የሚፈራው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ይሰቃያል።

ማስታወቂያው መለወጥ አለበት። «ልምድ ላለው ቤት ብቻ» የሚለው አባባል ኃላፊነት የሚሰማውን ሰው ያስፈራዋል፤ «ውሻ ሁሉ ይወደኛል» የሚለውን ደፋር ግን አያስቆመውም። በምትኩ የዕለት ኑሮውን ይግለጹ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ዱክ ቤት ውስጥ ጸጥተኛ ነው፤ ከሚያውቀው ሰው እግር ሥር መተኛት ይወዳል። በእግር ጉዞ ላይ ሌላ ውሻን ከሩቅ ሲያይ ወደ እኔ ዞር ማለትን እየተማረ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ግን ይጮኻል፣ ይወረወራል። እንግዳ ሲመጣ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቆያል። የሚፈልገው ሌላ ውሻና ትንንሽ ልጆች የሌሉበት፣ የራሱ መውጫ በር ያለው ቤትና ጠዋት ማለዳ አብሮት የሚወጣ ሰው ነው።» ይህን አንብቦ «ይህማ የእኔ ኑሮ ነው» የሚል ሰው ሊደውልልዎት ይችላል። አብረው የሚያሳዩት ቪዲዮም የተዋበ ብቻ አይሁን፤ ሌላ ውሻ በሩቅ ሲያልፍ ዱክ የሚያደርገውን ጨምረው ያሳዩ።

ግቢን በተመለከተ ብዙ አይጨነቁ። ባለ ግቢ ሰው ውሻውን ለቅቆ ስለሚተወው አጥር ላይ ቆሞ ለሚያልፈው ሁሉ እንዲጮኽ ያለማምደዋል። ከግቢ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሊፍት ነው። በሩ ሲከፈት ሌላ ውሻ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንም አሠልጣኝ ያንን ማስተካከል አይችልም። ትንሽ ብትሆንም በቀጥታ ወደ ውጭ የምታወጣ በር ያላት ቤት ትሻላለች።

ፈላጊ ሲደውል «ልምድ አለዎት?» ብለው አይጠይቁት፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ካሳደጓቸው ውሾች ያስቸገረዎት የትኛው ነበር? ክፉ ቀን ሲያጋጥምዎ ምን አደረጉ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ያዳምጡ። ስለ ርቀት፣ መንገድ ስለ መቀየር፣ በምግብ ስለ ማለማመድ፣ ስለ ሐኪም የሚያወራ ሰው የሚፈልጉት ዓይነት ነው። «ጌታው ማን እንደሆነ አሳየሁት» የሚለውን፣ ወይም አንገት የሚወጋ ሰንሰለትና በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ አነሥቶ የሚያመሰግነውን በትሕትና ያሰናብቱት። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ በማናቸውም የጠባይ ችግር ላይ በሽልማት የሚሰጥ ሥልጠና ብቻ እንዲሠራበት ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። የፈራ ውሻ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ ከታመመ ሕመሙን ከዚያ ውሻ ጋር ያያይዘዋል። እንዲያውም አንዳንዱ ማጉረምረሙን ትቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናከሳል።

የእኛን ሰው ቤት በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ቤታችን እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነው፤ ቡና አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ደግሞም ሳይደውል መምጣት ነውር አይደለም። ይህ ለዱክ ከባድ ነው፤ ይሁንና ከሐበሻ ቤት ፈጽሞ አይስማማም ማለት አይደለም። በሩ ሲንኳኳ ከመከፈቱ በፊት ውሻውን ሌላ ክፍል የማስገባት ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሰው ያለበት ቤት፣ «ልቀቁት፣ እኔን አይነካኝም» የሚለውን አጎት እምቢ የሚል ቤት ከሆነ ይቻላል።

የቤተ ክርስቲያንዎን ወንድም ግን እምቢ ይበሉ። የሚፈራን ውሻ ለጥበቃ ማዋል ልናስተወው የምንደክምበትን ነገር ሥራው ማድረግ ነው፤ አንድ ቀን ፖስታ አድራሹን ወይም የጎረቤት ልጅን የነከሰ ዕለት ዕዳው በወንድማችንም በውሻውም ላይ ይመጣል። ሰውየው ውሻውን ቤት አስገብቶ አብሮት ሊኖር ከፈቀደ ነገሩ ሌላ ነውና ልክ እንደ ሌላው ፈላጊ ጥያቄዎቹን ይጠይቁት።

የት ይፈልጉ ለሚለው፣ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲህ ዓይነት ውሻ ኖሯቸው በእርጅና ወይም በበሽታ ያጡ ሰዎች ናቸው። ገመዱም፣ ትዕግሥቱም፣ ማለዳ የመውጣት ልማዱም አሁንም አብሯቸው አለ። እነርሱን የሚያውቁት ደግሞ የመጠለያው ድረ ገጽ ሳይሆን በሽልማት የሚያሠለጥኑ አሠልጣኞችና የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኞች ናቸው። በአካባቢዎ ላሉት የዱክን ገጽ በአካል ይዘው ይሂዱ።

ሰው ሲገኝ አንድ ቀን ተያይተው አይረካከቡ። መጀመሪያ ውጭ ይገናኙ፤ ሰውየው እጁን ሳይዘረጋ፣ ዓይኑን ሳይተክል ከእርስዎ ጎን ለጎን ይራመድ፤ ዱክ ራሱ መጥቶ እስኪያሸትተው ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ቀናት ገመዱን እርሱ ይያዝ። የመጠለያ ሰዎች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚሉት ነገር አለ፤ ውሻው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደነግጣል፣ በሳምንታት ይለምዳል፣ ቤቱ የራሱ መሆኑን የሚያምነው ከወራት በኋላ ነው። ውሻ ሁሉ በዚህ ልክ አይሄድም፤ ቢሆንም ለአዲሱ ባለቤት የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታ እንዳያታልለው ለማስጠንቀቅ ይጠቅማል። በሙከራ ጊዜ እንዲሰጥ፣ ካልሆነም ወደ ሌላ ሰው ሳይተላለፍ ወደ መጠለያው እንዲመለስ በጽሑፍ ይስማሙ። የሚያውቃቸውን የአማርኛ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው፣ ድምፅዎንም ቀድተው ይስጡ፤ አዲሱ ሰው «ተው» ማለት ካልቻለ የደከሙበት ትምህርት ግማሹ ይቀራል።

እስከዚያው ድረስ ሐኪም ሕመም እንዳለበት ይመርምረው፤ ዳሌው ወይም ጥርሱ የሚያመው ውሻ ሰው አያስጠጋም። ፍርሃቱ ከበረታ ፍሉኦክሰቲን የመሰለ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ውጤቱ የሚታየው ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። አፉ ላይ የሚጠለቀውን፣ ማለክለክና ውኃ መጠጣት የማይከለክለውን ቅርጫት መሰል መከለያም በምግብ እያባበሉ ያለማምዱት። ሳይፈራ መከለያ የሚያደርግ ውሻ ብዙ ፈላጊ ያገኛል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው የምኖረው። ከመንገድ አንሥተን ያሳደግናት ውሻ ግቢ የገባን ሰው ሁሉ ትጮኽበታለች። ቀን ታስራ ትውላለች፣ ማታ እንለቃታለን። በቅርቡ ልጅ ስለምንወልድ ለሰው ልንሰጣት አስበናል። ለማን ብንሰጣት ይሻላል?

መልስ፦ ከመስጠታችሁ በፊት ሰንሰለቱን ማስቀረት ሞክሩ። በር ፊት ለፊት ታስራ የምትውል ውሻ የሚገባውን ሁሉ ታያለች፣ መሸሽ አትችልም፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸት ትለማመዳለች ማለት ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በሩ በማይታይበት በኩል አጥር ሠርታችሁ ሳትታሰር እንድትውል አድርጉና ለውጧን ተመልከቱ። መስጠት ግድ ከሆነ ሕፃን ለሌለበት፣ ወጪ ገቢ ለማይበዛበት፣ በር ከመከፈቱ በፊት ውሻ ማስገባት ለለመደ ቤት ስጡ፤ ጠባይዋን ሳትደብቁ፣ ከእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወረቀቷ ጋር። የሚቻል ከሆነ አስቀድማችሁ አስመክኗት። ማንንም ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ሰው ይህን በሽታ የሚይዘው በአብዛኛው ከውሻ ነው። ልጃችሁ ሲወለድም ብትቆይ፣ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሁለቱን ብቻቸውን አትተዉ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሌሎች ውሾችን ሲያይ ያብዳል። ሁለተኛ ውሻ ባመጣለት ይረጋጋ ይሆን? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይረጋጋም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው መጮኽ ይማርና ሁለት ገመድ የሚጎትቱ ይሆንብዎታል። የመጀመሪያው ሌላ ውሻ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ምግብ ከእጅዎ ተቀብሎ መሄድ እስኪችል ድረስ ሁለተኛውን ያቆዩት።