ሰጪው ለምን እጅ ይነሣል? ስለ ቡድሃ እምነት የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን የደረሱን ደብዳቤዎች የበዙት ለንግድ ወደ እስያ ከሚመላለሱና በዐረብ አገር ከስሪላንካውያን ጋር ከሚሠሩ አንባቢዎች ነው። የምንመልሰው በስሪላንካ፣ በታይላንድና በምያንማር በሚኖረው፣ ቴራቫዳ በሚባለው የቡድሃ እምነት ቅርንጫፍ ትውፊት ላይ ተመሥርተን ነው።

«ለዕቃ ግዢ ባንኮክ ስሄድ መነኮሳት ማለዳ በባዶ እግራቸው እየዞሩ ምግብ ሲቀበሉ አያለሁ። ተቀባዩ ግን አያመሰግንም፤ እጅ የሚነሣው ሰጪው ነው። ይህ እንዴት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

እኛ የለመድነው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የሚቆም መነኩሴ ኩሩ ቢመስልዎ አይገርምም። ዝምታው ግን ሥርዓት ነው። መነኩሴው ምግብ አያበስልም፣ ለነገ አያሳድርም፣ ከቀትር በኋላ አይበላም፣ ካልታመመ በቀርም ይህን ወይም ያንን ስጡኝ ብሎ አይመርጥም። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ከምእመናን ተለይቶ መኖር አይችልም፤ ሥርዓቱም ታስቦበት የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። እርሱ የምእመናኑን እጅ ሲጠብቅ፣ ምእመናኑ ደግሞ ለመስጠት የእርሱን መምጣት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ዕድሉን ያገኘው ሰጪው ነውና የሚያመሰግነውም እርሱ ነው። መነኩሴው የእምነቱ ጥንታውያን መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ አጭር ቡራኬ ሊያነብ ይችላል፤ «አመሰግናለሁ» ግን አይልም።

ጥንታውያኑ ጽሑፎች ስለ ሰጪው ሲናገሩ ከመስጠቱ በፊት ደስ የሚለው፣ በሚሰጥበት ጊዜ ልቡ የሚጠራ፣ ከሰጠም በኋላ የሚረካ ሰው ነው ይላሉ። በሚቀጥለው ጉዞዎ ትንሽ ቆም ብለው ይመልከቱ። ሴትዮዋ ጫማዋን ታወልቃለች፤ የምትሰጠውን ምግብ በሁለት እጇ ወደ ግንባሯ ከፍ ታደርግና በመነኩሴው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታኖራለች። ቡራኬው ሲነበብ ከትንሽ ዕቃ ውሃ ቀስ እያደረገች ታንቆረቁራለች፤ ያንንም ውሃ ኋላ ከዛፍ ሥር ታፈሰዋለች። የስጦታው በረከት ለሞቱ ዘመዶቿ እንዲደርስ መመኘቷ ነው። የሙታንን ተዝካር ላወጣ ሰው ይህ ስሜት ሩቅ አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ።

«መነኩሴ ምጽዋት አልቀበልም ሊል ይችላል?» (ከሐዋሳ)

ይችላል፤ ከባድ ተግሣጽም ነው። «ሳህን መድፋት» የሚባለው ይህ ውሳኔ የመነኮሳቱን ማኅበር በበደለ ምእመን ላይ ይተላለፋል፤ ሰውየው ተጸጽቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ይነሣለታል። በመስከረም 2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወታደሮች በፓኮኩ ከተማ መነኮሳትን ከደበደቡ በኋላ፣ የምያንማር መነኮሳት የጦር መሪዎቹን ምጽዋት አንቀበልም ብለው ሳህናቸውን ደፍተው በየጎዳናው ወጥተዋል። ስጦታው ሲመለስበት ሰጪው የሚያጣው ምግቡን አይደለም፤ በጎ የሚሠራበትን በር ነው።

«ዓለምን ንቆ የወጣ መነኩሴ ወዳጅ ምን ያደርግለታል?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

የቡድሃ የቅርብ አገልጋይ የነበረው አናንዳ አንድ ቀን መልካም ወዳጅነት የቅዱስ ሕይወት ግማሹ ነው ብሎ ቢናገር፣ መምህሩ «እንዲህ አትበል፤ ሁለንተናው ነው» ብሎ አርሞታል። ሰው መንገዱን ብቻውን አይዘልቀውምና። ለባለትዳሮችና ለነጋዴዎችም ቡድሃ ሲጋላ ለሚባል ወጣት የሰጠው ምክር አለ። በዚያ ምክር መሠረት ሰው ለወዳጁ ከሚገባው ነገር የመጀመሪያው መስጠት ነው፤ መልካም ንግግር፣ መርዳት፣ እኩል ማየትና አለማታለል ይከተላሉ። ጥቂት ሰጥቶ ብዙ የሚጠብቅ ግን ወዳጅ መሳይ ነው ይላል።

«ኩላሊቴን ታምሜ ስተኛ አብራኝ የምትሠራው ስሪላንካዊት አዝና “ካርማ ነው” አለችኝ። በኃጢአትሽ ታመምሽ ማለቷ ነው? ቃሉ ከሕመሙ ይልቅ አቆሰለኝ።» (ከኩዌት)

እግዜር ይማርዎ፣ እህቴ። ካርማ «ሥራ» ማለት ነው፤ ቡድሃም ካርማ የምለው ሐሳብን ነው፣ ሰው አስቦ በአካሉ፣ በቃሉና በልቡ ይሠራልና ብሏል። እኛ ግን ቃሉን የምንሰማው «የእጁን አገኘ» በሚለው አነጋገራችን ስለሆነ ፍርድ ይመስለናል። ሲቫካ የተባለ ተጓዥ መናኝ፣ በሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ከቀድሞ ሥራው የመጣ ነው ስለሚሉት ሰዎች ምን ትላለህ ብሎ ቡድሃን ጠይቆት ነበር። ቡድሃም ከሐሞት፣ ከአክታ፣ ከነፋስ፣ ከእነዚህ መደባለቅ፣ ከወቅት መለዋወጥ፣ ከጥንቃቄ ጉድለት፣ ከሌላ ሰው ጥቃትና ከካርማ የሚመጣ ሕመም አለ ብሎ ስምንት ምክንያቶችን ቆጠረለት፤ ሁሉን ለካርማ የሚሰጡትም ተሳስተዋል አለው።

ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው ሌላ ታሪክ ነው። አንድ መነኩሴ ተቅማጥ ይዞት በገዛ እዳሪው ላይ ወድቆ ሳለ ቡድሃና አናንዳ አገኙት። ቡድሃ የጠየቀው ሕመሙ ምን እንደሆነና አስታማሚ እንዳለው ነበር፤ ምን በድለህ ነው አላለውም። አናንዳ ውሃ አመጣ፣ ቡድሃ አፈሰሰ፣ አናንዳ አጠበው፤ አንዱ በራሱ፣ አንዱ በእግሩ ይዘው አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያም ቡድሃ መነኮሳቱን ሰብስቦ፣ የሚያስታምማችሁ አባትና እናት የላችሁም፤ እርስ በርሳችሁ ካልተጠባበቃችሁ ማን ይጠብቃችኋል አላቸው።

የሥራ ባልደረባዎን በተመለከተ፣ በሲንሃላ ቋንቋ ይህ ቃል እኛ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እንደምንለው ያለ የሐዘን ቃልም ነው። ቢሆንም ስላቆሰለዎት እንዲሁ አይተዉት፤ ሻይ አፍልተው ይንገሯት።

«በቬሳክ በዓል ስሪላንካውያን ለመንገደኛ ሁሉ ምግብ ሲያድሉ ለእኔም ይሰጡኛል። ብቀበል ነውር አለው?» (ከቤይሩት)

ቬሳክ አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት ወር ሙሉ ጨረቃ የሚውል፣ ቡድሃ የተወለደበት፣ ብርሃን ያገኘበትና ያረፈበት ቀን ተብሎ የሚከበር በዓል ነው። «ዳንሳል» የሚባለው እደላ ለአላፊ አግዳሚው የተዘጋጀ ነው፤ ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም ይታደላል። የጾምና የእምነት ጥያቄ ካለብዎ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ጾም ከያዙ ደግሞ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ሩዝ ወይም የተቀቀለ ሽምብራ ፈልገው እንደሚያመጡልዎ አልጠራጠርም።