ፕሪአምፑ ሲወጣ ድምፁ ለምን ደነዘዘ?

ጠያቂያችን «የድምፅ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይጠራል» ሲባል ሰምተው ኢኳላይዘሩን (የድምፅ ቃና ማስተካከያውን) እና ፕሪአምፑን (ከአምፕሊፋየሩ በፊት ሲግናሉን የሚያዘጋጀውን ዕቃ) አወጡ። በምትካቸው ባለ 100 ኪሎኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ቮልዩም ብቻ ያላት ትንሽ ሳጥን ሲዲ ማጫወቻው አጠገብ አስቀመጡ፤ ከሳጥኗ እስከ አምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ኬብል አለ። ቮልዩሙ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ድምፁ ጥርት ይላል፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ግን ይታፈናል፣ የጸናጽሉ ድምፅ ይጠፋል። እምምም የሚል ድምፅም አለ፤ እሱን ለማጥፋት ጠጋኝ ጠርተው ከአምፕሊፋየሩ መሰኪያ ውስጥ የኧርዝ ሽቦውን (ያፈሰሰ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደውን) አስቆርጠዋል።

ከምንም በፊት ያንን ሽቦ ይመልሱ። ይህ ጥገና አይባልም። ትራንስፎርመሩ ቢያፈስ ኮረንቲው ብረት ሳጥኑ ላይ ቆሞ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከጠራ አምፕሊፋየሩም ስፒከሩም ደህና ናቸው። የምጠረጥረው ቮልዩሙንና ረጅሙን ኬብል ነው። ባለ 100 ኪሎኦም ቮልዩም ሲግናሉን በግማሽ ሲቀንስ በመውጫው በኩል ለኬብሉ እስከ 25 ኪሎኦም ተቃውሞ ያሳያል። ኬብል ደግሞ በሜትር 100 ፒኮፋራድ (ቻርጅ የመያዝ አቅም መለኪያ) ያህል ይይዛል፤ 5 ሜትሩ 500 ፒኮፋራድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከፍተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ፊልተር ይሆናሉ፤ መቁረጫውም (ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ እየደከመ የሚሄድበት ነጥብ) 12.7 ኪሎኸርዝ ላይ ይወድቃል። ርካሽ ኬብል በሜትር 200 ፒኮፋራድ ቢይዝ ወደ 6.4 ይወርዳል። ቮልዩሙ ሙሉ ሲከፈት ግን ኬብሉን የሚገፋው በቀጥታ ማጫወቻው ስለሆነ ድምፁ ይመለሳል። የተወገደው ፕሪአምፕ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ኬብል መግፋት ነው፤ ዕቃ መቀነስ ብቻውን ድምፅ አያጠራም።

መፍትሔው መጀመሪያ ምንም አያስወጣም። ሳጥኗን ወደ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ያዛውሯት፤ ረጅሙ ኬብል ከማጫወቻው ወደ ሳጥኗ ይሁን፣ ከሳጥኗ ወደ አምፕሊፋየሩ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ያኔ መቁረጫው ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ ይወጣል። ሳጥኗ የግድ እዚያው መቆየት ካለባት ባለ 10 ኪሎኦም ሎጋሪዝሚክ (ድምፁን ለጆሮ በሚመች መጠን የሚጨምር) ስቴሪዮ (ለግራና ለቀኝ ሁለት ክፍል ያለው) ቮልዩም ይቀይሩባት። ዘንጉ ወደ እርስዎ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ግራው ግራውንድ (የሲግናሉ የጋራ መመለሻ)፣ መካከለኛው መውጫ፣ ቀኙ መግቢያ ነው። ከመበየድዎ በፊት ሩብ ዙር ላይ ሁለቱን ክፍሎች በሙልቲሜትር ይለኩ። ርካሾቹ ቮልዩሞች እዚህ ላይ ነው የሚያሳፍሩት፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ይመልሱት፣ አለዚያ ዝቅ ሲያደርጉ ድምፁ ወደ አንዱ ስፒከር ያደላል።

እምምታውን ኧርዙ ከተመለሰ በኋላ ይፈልጉ። የቮልዩሙን ዘንግ በጣት ሲነኩ ድምፁ ከተለወጠ የቮልዩሙ አካል ግራውንድ አላገኘም፤ አጭር ሽቦ ይበይዱለት። ካልተለወጠ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ኬብሉን ይንቀሉ፣ የአርሲኤውን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) ውጫዊ ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ። ኬብሉን እያወዛወዙ ከ1 ኦም በላይ ከዘለለ ሺልዱ (ሲግናሉን የሚሸፍነው የውጪ ሽቦ) ተበጥሷል፤ በፕላስቲክ የተደፈኑት ርካሽ አርሲኤዎች የሚለቁት እዚያው አንገታቸው ላይ ነው። ኬብሉ ደህና ሆኖ እምምታው ከቀጠለና ኮምፒውተር ወይም የአንቴና ገመድ ያለው ቴሌቪዥን አብሮ ከተያያዘ፣ ለድምፅ መስመር የተሠራ መለያ ትራንስፎርመር ከዚያ ዕቃ በሚመጣው የድምፅ ኬብል ላይ ያስገቡ። የኧርዝ ሽቦውን ግን ዳግመኛ አይቁረጡ።