የከሰል ጣቢያው ቢዘጋስ?

«የ20 ዓመት ወጣት ነኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኢማላህሌኒ ከተማ፣ በአጎቴ ሱቅ እሠራለሁ። ማትሪክ ጨርሻለሁ፤ የቴክኒክ ኮሌጅ በቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት በሚያደርገው ትልቅ ምድጃ) ሥራና ጥገና ተቀብሎኛል። አጎቴ ግን ‹የኮማቲ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሲዘጋ አላየህም? በሚሞት ሙያ ዕድሜህን አታባክን፣ ሱቁን ያዝ› ይሉኛል። እንግሊዝኛዬም ያስፈራኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም በ21 ዓመቴ አንድ ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ስገባ ዘመዶቼ «እሳት ማንደድ ደግሞ ምን ሙያ ነው?» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ «የሚሞት ሙያ» የምትለዋን ነገር ዝም ብዬ አላልፋትም።

ኮማቲ መዘጋቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረ ጣቢያ ነበር፣ በ2022 ቆመ። ሌሎች ያረጁም ተራቸው ይደርሳል። ግን አገሪቱ ዛሬም ከምታመነጨው መብራት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከድንጋይ ከሰል ነው። ኩሲሌ የሚባለው አዲስ የከሰል ጣቢያ የመጨረሻው ዩኒት፣ ማለትም የራሱ ቦይለርና ተርባይን ያለው አንድ ክፍል፣ ከመስመር ጋር የተገናኘው ገና በ2025 ነው። ኩሲሌና ሜዱፒ የሚባለው ሌላው አዲስ የከሰል ጣቢያ እያንዳንዳቸው ወደ 4,800 ሜጋ ዋት ናቸው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ነገ ጠዋት አይዘጋም።

2023ን አስታውስ። ሎድ ሼዲንጉ፣ በፈረቃ መብራት ማጥፋቱ፣ የሱቃችሁን ፍሪጅ ስንቴ አጠፋው? ዋናው ምክንያት የዩኒቶቹ ብልሽት ነበር። ቦይለር ውስጥ ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች አሉ። አመዱ እየፋቃቸው ይሳሳሉ፤ አንድ ቀን አንዱ ይቀደዳል። ለዚያች ቀዳዳ ሲባል በመቶዎች ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ዩኒት ይቆማል። እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያ ሰው ገብቶ ይበይዳል። ኮሌጁ ያንን ሰው ሊያደርግህ ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ቱቦ በይጄ ግፊቱን የቻለችበት ቀን እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ከሰል ማገዶ ነው። እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ይነድዳል፣ ውሃውን እንፋሎት ያደርጋል፣ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል። እኛ የምናነደው የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ገለባ ነበር። አዲስ አበባ ረጲ ላይ ቆሻሻ ይነድዳል። የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ እንፋሎት ከመሬት የሚወጣ ነው። እዚያው ያለህበት አገር ኩበርግ የሚባለው ጣቢያ በኑክሌር ውሃ ያፈላል። ቱቦው፣ ቫልቩ፣ ግፊቱ ሁሉም ጋ አለ። የፀሐይ ፓኔልና ነፋስ ግን ቦይለር አይፈልጉም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ ኤሌክትሪክና ኢንስትሩመንቴሽን (የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ሙያ) ጨምርበት።

የአጎትህን ነገር በግልጽ ልንገርህ። ውለታቸው አለብህ። ያወጡብህን ገንዘብ ተቀምጣችሁ ቁጠሩና በየወሩ ክፈል። ዕድሜህን ግን ለዕዳ መያዣ አትስጥ። «ሱቁን ያዝ» ማለታቸው ለአንተ በማሰብ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚታመን ሠራተኛ ማጣት ከባድ ነው። ቅዳሜና እሁድ አግዛቸው። ሱቅም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በአንድ ሌሊት ሲዘረፍ እዚያው ሆነህ አይተሃል።

እንግሊዝኛህ ማትሪክ ካሻገረህ ኮሌጁንም ያሻግርሃል።

የአመዱና የከሰሉ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው። ጓደኞችህ ማስካቸውን ቢያወልቁም አንተ አታውልቅ።

የያዝከው ምን ዓይነት የመኖሪያ ወረቀት እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ከመመዝገብህ በፊት ኮሌጁ ሄደህ «በዚህ ወረቀት፣ በትምህርቱ መጨረሻ ላይ ትሬድ ቴስት (የሙያ ብቃት ፈተና) መፈተን እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበልና ላክልኝ።