ዳገት ላይ የሚሸት ሌላ፣ ቁልቁለት ላይ የሚሸት ሌላ

ከዚሁ ከጅማ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጥያቄ ልከውልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ባለ ማንዋል ማርሽ ቶዮታ ዲኤክስ አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ጊቤን ተሻግሬ ዳገቱን ስይዝ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ባለቤቴ ‹ቡና አረረ እንዴ?› አለች። ጅማ ስንገባ ጠፋ። ጋራዥ ወስጃት የአራቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ ቀየሩልኝ። ሽታው ግን አለቀቀኝም። በዚያ ላይ ጠዋት ዝናብ ሲሆን የፊት መስታወቱ ጉም ይለብሳል፤ እንደ ፈላ ስኳር ያለ ነገርም ይሸተኛል። ልጄ ሽቶ ገዝቶ ሰቀለልኝ። ችግሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት?»

ጋሼ፣ ሁለት ነው። የሸራው ገንዘብ ደግሞ ያለ ቦታው የወጣ ይመስለኛል። ይቅርታ፣ ግን እውነቱን ልንገርዎት።

ፍሪሲዮን ማለት ማርሽ ሲቀይሩ በግራ እግርዎ የሚረግጡት፣ ሞተሩንና ማርሹን የሚያያይዘው ነው። የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ የተሠሩበት ነገር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ሲያሩ ሽታቸው አንድ ዓይነት ነው። እኔም ሃያ ጊዜ ባሸት በአፍንጫዬ ብቻ አልለያቸውም። የሚለያቸው መንገዱ ነው። ለዚህ ደግሞ ከጊቤ የተሻለ መፈተኛ የለም። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ የሚሠራው ፍሬን ነው። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ሰኮሩ ሲወጡ ፍሬኑ ያርፋል፤ ጭነቱ በሙሉ ፍሪሲዮን ላይ ይወድቃል። እርስዎ የሸተተዎት ሲወጡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሪሲዮኑን ነው።

«ታዲያ ጅማ ስገባ ለምን ጠፋ?» ይሉኝ ይሆናል። ያለቀ ፍሪሲዮን ሜዳ ላይ ጨዋ ነው። የሚያጋልጠው ዳገትና ጭነት ነው። ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይሸታል፣ ሜዳ ሲያገኝ ይበርድና ዝም ይላል።

እንዲህ ይሞክሩት። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እየሄዱ ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናዋ ፍጥነት ካልጨመረች ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ መደጋገሙ ራሱ ያቃጥለዋል። ከዚያ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በእጅዎ ጫን ያድርጉት። መጀመሪያ ላይ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ልል ቦታ ሊኖረው ይገባል። ምንም ልል ከሌለው ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ነው። ያኔ ማስተካከል ብቻውን ሊያድንዎት ይችላል፤ ሸራው ገና ካላለቀ። ካለቀ ግን ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መውረድ አለበት። ካምቢዮ ከወረደ ደግሞ ሸራው ያለበትን ዲስክ ብቻ አያስቀይሩ፤ ዲስኩን የሚጫነውን ፕሬዠርና ኩሽኔታውን አብረው ያስቀይሩ። ለሁለተኛ ጊዜ ማስወረዱ ነው ኪስ የሚጎዳው። ከሞተሩ ኋላ ዘይት እየፈሰሰ እንደሆነም ያሳዩኝ። ዘይት የነካው አዲስ ሸራ ወር አይቆይም።

አንድ ልማድም አለ፣ አይቆጡኝ። ዳገት ላይ መኪና ሲቆም በእጅ ፍሬን መያዝ ሲገባው በግማሽ ፍሪሲዮን የሚያንጠለጥል ሰው ብዙ ነው። ፔዳሉ ላይ እግሩን አሳርፎ የሚነዳም እንደዚያው።

አሁንም ሽታው አለ ያሉት ቁልቁለት ላይም ከሆነ ግን አይደንግጡ። አዲስ የፍሬን ሸራ እስኪላመድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይሸታል። የሚያሳስበው አንዱ ጎማ ብቻ ሲግል ነው። ጥቂት ከነዱ በኋላ መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ተጣብቋል። ውሃ እንዳይደፉበት! የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። የፍሬን ዘይቱንስ መቼ ቀየሩት? እርጥበት ይጠጣል፤ የኛ አገር አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ ሲገባበት እስከ 140 ይወርዳል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፈላ ማለት የፍሬኑ ፔዳል ስፖንጅ ሆነ፣ ፍሬን አልያዘም ማለት ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

ወደ ስኳሩ ሽታ ልምጣ። እሱ ኩላንት ነው፤ ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ። ከክሩስኮቱ (ከፊት ለፊትዎ ካለው ዳሽቦርድ) ሥር ትንሽ የማሞቂያ ራዲያተር አለች። እሷ ስታፈስ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ገብቶ መስታወቱ ላይ ያርፋል። የተራ ጉም ውሃ ነው፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ይሄዳል። የኩላንት ጉም ግን እንደ ቅባት ይዘረጋል። ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉን ገልጠው ይዳብሱ። እርጥብና የሚያጣብቅ ከሆነ አበቃ። ራዲያተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ ከፍተው ልኩን ይዩ። የፈሰሰ ካለ ቶሎ ይጥረጉት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ነው፣ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል።

እዚህ ብዙ ሰው ወደ ማሞቂያዋ የሚገባውንና የሚወጣውን ቱቦ እርስ በርስ አገናኝቶ ያልፋታል። ለጊዜው ይሠራል። ለክረምት ግን አልመክርም፤ መስታወት የሚያጠራልን እሷ ነች። ይልቅ ደስ ያለኝ ነገር ኩላንት መጠቀምዎ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሰው ይህ ሽታ አይመጣለትም። ውሃው ዝም ብሎ ያልቃል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቤንዚን ከሸተተዎት ሞተሩን አጥፍተው ይውረዱ። የተቃጠለ ላስቲክ ወይም ሽቦ ሲሆንም እንደዚያው፤ ከቻሉ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ በእርስዎ መኪና ላይ ባትሪው ከመጠን በላይ እየተሞላ ይሆናል፤ ሞተሩ እየሠራ ከ15 ቮልት በላይ ካሳየ ችግሩ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው። የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ከገባ መስኮት ከፍተው በቀጥታ ወደ ጋራዥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይደለም። ባለፈው አንድ ሚኒባስ «ሽቦ እየተቃጠለ ነው» ተብሎ መጣልኝ። ረዳቱ ግማሹን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከትቶታል። ከሥር ገብቼ ሳይ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ላይ ፌስታል ቀልጦ ተጣብቋል። በቢላ ፈቀፈቅኩት። ፊውዞቹን ወደየቦታቸው መመለሱ ነው ግማሽ ቀን የፈጀብን።

መኪናዋን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቢያመጧት ይሻላል፤ ገፍተው ቢሆን እንኳ። ሽቶውን ደግሞ ከዋዜማው ያውርዱልኝ። እሱ ተሰቅሎ እኔ ምን ላሽት?