ጥያቄና መልስ፦ ካይፈንግ፣ ከእግር ስር ስድስት ከተማ

ባለፈው እትም ስለ ቻይናው ቢጫ ወንዝ ስንጽፍ ካይፈንግ የምትባለዋን ከተማ በአንድ መስመር ነካ አድርገናት ነበር ያለፍነው፣ እናንተ ግን አላለፋችኋትም፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው እየጎረፈ ነው። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሷ ሰጥተናታል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ጀንግጆ ውስጥ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። በቀደም ከክላስ ልጆች ጋር በባቡር ካይፈንግ ሄድን እና አንዱ ቻይናዊ ጓደኛዬ ዋናው መንገድ ላይ አቁሞኝ "አሁን ከቆምክበት ስር ስድስት ከተማ አለ" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሱ ግን የምሩን ነው። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ከተማ እንዴት ነው ከተማ ላይ ሚቀበረው?

መልስ፦ ወንድሜ ጓደኛህ እውነቱን ነው የነገረህ። መሬቱን ወደታች እየቆፈርክ ብትሄድ መጀመሪያ 3 ሜትር አካባቢ ላይ የቺንግ ዘመኗን ካይፈንግ ታገኛለህ (ቺንግ፣ ሚንግ፣ ሶንግ፣ ታንግ እያልን ምንጠራቸው ቻይናን በየዘመኑ የገዙ ሥርወ መንግሥታት ናቸው)፣ 5 እና 6 ሜትር ላይ የሚንግ ዘመኗን፣ እዛው ተጠግታ ከሰሜን የመጡት ጁርቸን ሚባሉ ሕዝቦች የገዟትን፣ 8 ሜትር ላይ ያቺ የታወቀችዋ የሶንግ ዋና ከተማ አለች፣ 10 ሜትር ገደማ ላይ የታንጓ፣ ከ12 ሜትር በታች ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የዌይ መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ዳልያንግ። ጓደኛህ ያቆመህ ጆንግሻን ጎዳና ላይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ሚገርመው፣ የሱ መንገድ ስር የሚንግ መንገድ አለ፣ ከዛ ስር የሶንግ ነገሥታት ሚያልፉበት ጎዳና አለ፣ ሁሉም አንዱ ባንዱ ላይ ልክክ ብለው ነው የተቀመጡት። ከተማዋ በጠፋች ቁጥር ሰው ተመልሶ መንገዱን እዛው ቦታ ላይ ነው ያወጣው ማለት ነው።

የቀበራት ደለል ነው። ቢጫው ወንዝ 5,464 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ መሃል ላይ ንፋስ እያመጣ የከመረው ዱቄት የመሰለ ቢጫ አፈር ያለበትን ደጋ ሰንጥቆ ነው ሚመጣው፣ ስሙንም ያገኘው ከዛ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደለል ይሸከም ነበር (አሁን በግድቡም በዛፍ ተከላውም ምክንያት በጣም ቀንሷል)። ተራራው ውስጥ እያለ ቁልቁለት ስለሆነ አፈሩን ይዞት ይሮጣል፣ ሄናን ክፍለ ሀገር ላይ ሜዳው ውስጥ ሲገባ ግን ጉልበቱ ይደክምና ሸክሙን እዛው ያራግፈዋል። ወለሉ በደለል ከፍ ይላል፣ ሰው እንዳያጥለቀልቀው ግራና ቀኙን የአፈር ግድብ ይክባል፣ ወለሉ እንደገና ከፍ ይላል፣ ግድቡም ይከተላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ ከካይፈንግ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሚያልፈው ወንዝ ከከተማዋ መሬት 10 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ሚሄደው። ወንዝ ለማየት ወደ ታች ነበር የለመድነው አይደል፣ እዛ ግን ግድቡን ሽቅብ ወጥተህ ነው ወንዙን ምታገኘው። ቻይናውያኑ "የተንጠለጠለ ወንዝ" ነው ሚሉት።

አሁን ግን አንድ ነገር ላስምርበት፣ ብዙ ቦታ "ወንዙ አጠፋት" ተብሎ ብቻ ይታለፋል እና እኔ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከትላልቆቹ ጎርፎች ብዙዎቹን ያመጣው ሰው ነው። በ225 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቺን የተባለው መንግሥት ጦር መሪ ዋንግ ቤን ዳልያንግን በጦር መያዝ ሲያቅተው ውሃ ጠልፎ ለቀቀባት፣ 3 ወር ውሃ ውስጥ ቆይታ ግንቧ ተናደ ንጉሧም እጁን ሰጠ። በ1128 ደግሞ ዱ ቾንግ ሚባል የሶንግ ባለሥልጣን የጁርቸንን ፈረሰኛ ላስቁም ብሎ የቢጫውን ወንዝ ግድብ ሰበረ። እዚጋ ልብ በል፣ እስከዛን ጊዜ ቢጫው ወንዝ ከካይፈንግ ርቆ በሰሜን በኩል ነበር ወደ ባህር ሚሄደው፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ደቡብ ዞሮ ቀስ በቀስ ከተማዋ አጥር ስር የመጣው፣ ወደ ሰሜን የተመለሰው በ1855 ነው፣ ያም ሆኖ ከካይፈንግ ጎን አልሄደም። ፈረሰኛውም አልቆመም።

ከሁሉም ሚከብደው 1642 ነው። ሊ ዚቸንግ ሚባለው የገበሬ አማፂ መሪ ከተማዋን ለወራት ከበባት፣ ውስጥ ያለው ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር፣ ከዛ በዛው ከበባ ላይ ግድቡ ተሰበረ። መንግሥት ነው አማፂው ነው ሚለው እስከዛሬ ያከራክራል፣ የሰው እጅ እንዳለበት ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። ከ370 ሺህ ገደማ ነዋሪ 300 ሺህ ያህሉ በረሃቡ፣ በበሽታውና በውሃው እንዳለቀ ነው ሚገመተው። ከዛ በኋላ ከተማዋ 20 ዓመት ባዶዋን ከረመች፣ እንደገና የተሠራችው በ1662 ካንግሺ ሲነግሥ ነው። እኔ ይሄን ቁጥር ባነበብኩት ቁጥር ጽሑፉን አስቀምጬ ትንሽ መነሳት አለብኝ።

በ1938ም ተደግሟል። ጃፓኖች ሰኔ መጀመሪያ ላይ ካይፈንግን ሲይዙ የያኔው የቻይና መሪ የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት በቀናት ውስጥ አንተ ያለህባት ጀንግጆ አጠገብ ሁዋዩዋንኮ ላይ ግድቡን አፈረሰው፣ ውሃው ወደ ደቡብ ምስራቅ ገበሬው ላይ ነው የሄደው፣ በመቶ ሺዎች ሞቱ ሚሊዮኖች ተሰደዱ፣ በካይፈንግ በኩል ሚያልፈው የወንዙ መስመር ደግሞ 9 ዓመት ደርቆ ቆየ፣ ቀዳዳው የተዘጋው በ1947 ነው።

እና ይሄ ሁሉ እንዴት ታወቀ ካልክ፣ በ1981 እዛው ካይፈንግ ሎንግቲንግ ሚባለው ጥንታዊ አዳራሽ ፊት ለፊት ያለውን ሐይቅ ሲጠርጉ ከጭቃው ስር የሚንግ ልዑል ግቢ ወጣ፣ ሲቀጥሉ ከሱ ስር የሶንግ ቤተ መንግሥት። ያ ሐይቅ የሰመጠ ቤተ መንግሥት ነው።

ጥያቄ፦ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ግራ የገባኝ ነገር ተራራ የሌለው ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ጠላት ከፈለገበት አቅጣጫ ሚመጣበት ቦታ ላይ ዋና ከተማ ምን አስቀመጣቸው?

መልስ፦ የኔታ ጥያቄዎ የዛን ዘመን ሰዎችም ጥያቄ ነበር! ሶንግን የመሠረተው ጃው ኳንግዪን ራሱ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ተራራ ወዳለበት ሉዎያንግ ላዛውር ብሎ ነበር፣ ወንድሙና ሹማምንቱ ናቸው ያስቀሩት። ምክንያቱ ሩዝ ነው። በ605 የሱዪ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ያስቆፈረው ትልቁ ቦይ፣ ብያን ሚሉት፣ ከደቡብ ከያንግዜ ወንዝ አካባቢ እህል ጭኖ ቀጥ ብሎ ካይፈንግ ይገባል፣ ተራራ ስለሌለ ደግሞ ሠራዊት ያስፈልጋል፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ደግሞ መብላት አለበት፣ እህሉ ያለው እዛ ነው፣ በቃ ሜዳው ላይ ቀሩ። ከ960 እስከ 1127 አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ሚኖርባት፣ በዛ ዘመን ከዓለም ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ምትቆጠር ሆነች። ማታ ማታ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሚከለክለው የድሮ ደንብ ላልቶ የሌሊት ገበያ ደራባት።

ያንን ቦይ ማየት ከፈለጉ ጃንግ ዘዱዋን የሣለው ረጅም ጥቅል ሥዕል አለ፣ 5 ሜትር ከምናምን ይረዝማል ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ዋናው ቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ነው ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ አጉልተው ማየት ይችላሉ። መሃሉ ላይ ምሰሶ የሌለው ቅስት የእንጨት ድልድይ አለ፣ ከስሩ አንድ ትልቅ ጀልባ የሸራው ምሰሶ ድልድዩን ሊመታ ሲል ጀልባተኞቹ ተሯሩጠው ምሰሶውን ሲያወርዱ፣ አንዱ በረጅም ዘንግ ሲገፋ፣ ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ገበያውን ትቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየጮኸ ሲያያቸው ይታያል። ወደ ግራ ሲሄዱ በከተማው በር ግመሎች ይወጣሉ። እኔ ተማሪ ብሆን የካርታ ትምህርት በዚ ሥዕል ቢጀመርልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥጋቱ ግን ልክ ነበር፣ በ1127 ጁርቸኖች ሜዳውን አቋርጠው ገቡ፣ ሥልጣን የለቀቀውን ንጉሥ ሁዪዞንግን ከነልጁ ከንጉሥ ቺንዞንግ ማርከው ወደ ሰሜን ወሰዷቸው፣ ሁለቱም እዛው ሞቱ። ብያን የተባለውም ቦይ ዛሬ የለም፣ እሱም በደለል ተሞልቶ ከተማው ስር ገብቷል። ከ2018 ጀምሮ ጆውቻው ሚባለውን የድሮ ድልድይ ሲቆፍሩ ግን ዳርና ዳሩ ተገኘ፣ ድልድዩ ራሱ የሚንግ ነው የ1642ቱ ጎርፍ ነው የደፈነው፣ ከሱ ግራና ቀኝ ያለው የቦዩ የድንጋይ ግድግዳ ግን የሶንግ ነው፣ 3 ሜትር በላይ ቁመት አለው፣ ድንጋዩ ላይ የተረት የባህር ፈረስ፣ የሚበር አንገተ ረጅም ወፍና ደመና ተቀርጾበታል፣ በ2022 ይፋ ሲሆን መስመሮቹ ትናንት የተጠረቡ ነበር ሚመስሉት። ደለሉ ቀብሮ ነው ያተረፋቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ እንደምን አላችሁ። እስራኤል ነታንያ ነው ምኖረው፣ ከጎንደር የመጣሁ ነኝ። የልጅ ልጄ ቻይና ውስጥ ካይፈንግ በምትባል ከተማ የጥንት አይሁድ ነበሩ አለችኝ። እንዴት እዛ ደረሱ? ኦሪት ነበራቸው ወይ? ዛሬስ አሉ?

መልስ፦ እናቴ እግዜር ይስጥልን ይሄን ስለጠየቁን። አዎ ነበሩ። በሶንግ ዘመን በንግድ መንገድ የመጡ ናቸው፣ የጸሎት መጽሐፎቻቸው ላይ በፋርስኛ የተጻፈ ማስታወሻ ስላለ ከፋርስ በኩል እንደመጡ ነው ሚታመነው። ምኩራባቸውን በ1163 ሠሩ፣ ይሄን ያወቅነው ራሳቸው በ1489 ካቆሙት የድንጋይ ሐውልት ነው፣ በቻይንኛ ነው የተጻፈው፣ አብርሃምና ሙሴ በቻይና ፊደል ይነበባሉ። ህንፃው እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ ነበር ሚመስለው፣ ሲጸልዩ ግን ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞራሉ፣ ኢየሩሳሌም ለነሱ በምዕራብ ናታ።

ኦሪት ነበራቸው፣ በዕብራይስጥ፣ በብራና ጥቅል። በ1605 አይ ትየን ሚባል ከነሱ አንዱ ለሹመት ቤጂንግ ሄዶ ከአውሮፓ የመጣውን ቄስ ማቴዮ ሪቺን ያገኛል፣ ቄሱ ቤት ማርያም ከሕፃኑ ኢየሱስና ከሕፃኑ ዮሐንስ ጋር ያለችበት ሥዕል ነበር፣ ሰውየው አይቶ "ርብቃ ናት ከያዕቆብና ከዔሳው ጋር" ብሎ ሰገደ። ያን ያህል ዘመን ከወገን ተለይቶ ኦሪቱን ግን በልቡ ይዞታል፣ እርስዎ ይሄ ስሜት ከኔ በላይ ይገባዎታል ብዬ አስባለሁ።

ወንዙ እነሱንም አልማረም። በ1461 ጎርፍ ምኩራቡ ፈረሰ፣ በ1642ቱ ደግሞ ጥቅሎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ። የተረፉት ሰዎች የራሰውን ብራና እየለቀሙ አውጥተው፣ አድርቀው፣ ቁርጥራጩን ገጣጥመው እንደገና ኦሪት አደረጉት፣ በ1663 ምኩራቡ ቆመ። በኋላ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጨረሻው ዕብራይስጥ አዋቂ መምህራቸው ሞተ፣ ድህነቱም በዛ፣ በ1850ዎቹ ጥቅሎቹን ሸጡ፣ ህንፃውም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። ዛሬ የዘር ሐረጋቸውን ሚያውቁ ጥቂት ቤተሰቦች ካይፈንግ አሉ፣ በ2016 አምስት ወጣት ሴቶች እስራኤል ገብተዋል። ለልጅ ልጅዎ ይንገሯት፣ ምኩራቡ በነበረበት ሰፈር ያለችው ጠባብ መንገድ እስከዛሬ "መጽሐፍ የሚያስተምሩባት" ነው ስሟ።

ጥያቄ፦ በኅዳር ለሥራ ጀንግጆ እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን ብቻ አለኝ፣ ካይፈንግ ምን ልይ?

መልስ፦ ኅዳር ውስጥ ቀደም ብለሽ ከደረስሽ የክሪሳንተመም አበባ ፌስቲቫሉ ላያልቅብሽ ይችላል፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው ከተማው ሁሉ አበባ ሚሆነው። አንድ ነገር ብቻ ልይ ካልሽኝ ግን የብረት ፓጎዳውን (ፎቅ በፎቅ የተሠራ የቡድሂስቶች ግንብ) ነው ምለው። ብረት የለበትም፣ ጡቡ ላይ የተቀባው ቡናማ መስታወት መሳይ ቅብ ከሩቅ የዛገ ብረት ስለሚያስመስለው ነው። በ1049 ነው የተሠራው፣ ከሱ በፊት የነበረውን የእንጨቱን መብረቅ አቃጥሎት፣ 13 ፎቅ 55 ሜትር ገደማ። ጠጋ ብለሽ ጡቦቹን አንድ በአንድ እያቸው፣ ቡድሃ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ ሙዚቃ ሚጫወት ሰው አለ። በ1938 የጃፓን መድፍ መቶት አልወደቀም። የስሩ ክፍል ደለል ውስጥ ስለተቀበረ ምታዪው ሙሉ ቁመቱን አይደለም። ውስጡ 168 ደረጃ አለው፣ ጠባብና ጨለማ ነው፣ መግባት ሚፈቀድ ከሆነ ትልቅ ቦርሳ ይዘሽ እንዳትገቢ። ማታ ጉሎው የሌሊት ገበያ ሂጂና ሾርባ ያለበትን ዳምፕሊንግ (በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ) ብዪ፣ መጀመሪያ ጠርዙን ነክሰሽ ሾርባውን ምጠጪው፣ ዝም ብለሽ ከጎረስሽው አፍሽን ያቃጥልሻል።