ለምታጠባ እናት የሚጋገር የእንግዶ (የአገራችን አጃ) ኩኪስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት ሁለት ነገር ላስቀምጥ። ኩኪሱ የእናቲቱ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ማር የገባበት ማንኛውም ነገር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአዋላጅ ነርስነት አገልግያለሁ፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቤቴ ለአራሶች እጋግራለሁ። ስለ ዱቄትና ስለ እሳት የፈለጋችሁትን ያህል ጠይቁኝ፤ ስለ ሕመም ለሚጠይቀኝ ግን መልሴ ጤና ጣቢያ ሂዱ መሆኑ ስለማይቀር አትቀየሙኝ።

ከቡሬ፦ እትዬ፣ ከወለድሁ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ወተቴ አነሰብኝ። በቀን ስንት ኩኪስ ብበላ፣ በስንት ቀን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፣ እኅቴ። ሕፃኑ ሲጠባ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተቱ እንዲመረት ያደርጋል፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተመረተውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጡቱ ሳይጠባ ሞልቶ ከቆየ ግን ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ደግሞስ ወተትሽ በእርግጥ ማነሱን አረጋግጠሻል? ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ከሆነ፣ በሁለት ሳምንት ገደማም ሲወለድ የነበረውን ክብደት ከመለሰና እየጨመረ ከመጣ፣ ወተትሽ በቅቶታል። የጡትሽ መለስለስ ወይም የሕፃኑ ምሽት ምሽት መነጫነጭ ብቻውን የወተት ማነስ ምልክት አይሆንም። ክብደቱ አልጨምር ካለ ግን ኩኪስ ስትጋግሪ አትዋዪ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ከእንጅባራ፦ እንዲህ ከሆነማ የኩኪሱ ጥቅም ምንድን ነው? የተጠና ነገርስ የለም ወይ?

መልስ፦ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ አጃ፣ ተልባ፣ አብሽና የቢራ እርሾ የገባበትን ኩኪስ ለአንድ ወር የበሉ እናቶችን ተራ ኩኪስ ከበሉት ጋር አነጻጽሮ፣ በወተታቸው መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም። እኔ በዚህ አልተደነቅሁም። የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ የሚደርስ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋታል፤ የአራስ ቤቱ ጠያቂ ሲበተንና ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው ሲጠፋ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በአንድ እጇ ልጇን ታቅፋ በሌላው የምትበላው የሚያጠግብ ነገር አጠገቧ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የምጋግረው ለዚህ ነው።

ከደጀን፦ እባክዎ አሠራሩን ከእንግዶው ጀምረው ያስረዱን።

መልስ፦ ይህን ነበር የምጠብቀው። በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውን አጃ በውድ የምትገዙ ሰዎች፣ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ደጋ የሚበቅለው እንግዶ አጃ መሆኑን የረሳችሁ ይመስለኛል። እንግዶው ተበጥሮና ተፈትጎ ገለባው ሙሉ በሙሉ ከወጣለት በኋላ፣ ሽታው እስኪያውድ በለዘብተኛ እሳት ይታመሳል፤ ከዚያም ይፈጫል። ማመሱን ለጣዕም ብቻ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። አጃ ከስንዴም ከገብስም ይልቅ ቅባት ይበዛዋል፤ ቅባቱን የሚያፈርስ ኤንዛይምም በውስጡ አለ፤ ሳይታመስ ከተፈጨ ሁለቱ ይገናኙና ዱቄቱ ከርሞ ይመራል። ሙቀቱ ኤንዛይሙን ይገድለዋል።

ልኩ ይህ ነው፦ 200 ግራም የእንግዶ ዱቄት፣ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ታምሶ የተወቀጠ 30 ግራም ተልባ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው በአንድ ወገን ይቀላቀላል፤ በሌላ ወገን 100 ግራም ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ከ100 ግራም ማር ጋር ተመትቶ አንድ እንቁላል ይጨመርበታል። ሁለቱ ከተዋሐዱ በኋላ ሊጡ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ የእንግዶ ዱቄት እርጥበት የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነውና ያላረፈ ሊጥ ሲጋገር ይፈረፈራል። ምድጃው 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፤ ማር ከስኳር ፈጥኖ ስለሚጠቁር ከዚያ አታስበልጡ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን አውጡት፤ መሐሉ ገና ለስላሳ ነው፣ የሚጠነክረው ትሪው ላይ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ምድጃው ውስጥ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው ያሳርረዋል።

በቪዲዮ የምታዩት ልክ በአብዛኛው ለቆላ አገር የተሠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በማነሱ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ ከመጠን በላይ ያብጥና ኩኪሱ ተነፍቶ መልሶ ይሰረጉዳል፤ ግማሽ ማንኪያ ያልሁትም ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ጥቂት ብትጨምሩ ችግር የለውም።

ከሞጣ፦ በቀን ስንት ይበላል?

መልስ፦ ከቡሬ ለተጠየቀው የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ።

ከአዴት፦ ኦቨን የሌለን ምን እናድርግ?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አሙቀሽ አጥፊው፤ ሊጡን ሳሳ አድርገሽ ዘርግተሽ አክንባሎውን ድፊበት፤ ታችኛው ሲጠና ገልብጪው። ሲበርድ መልሰሽ ለአፍታ አብሪው።

ከቢቸና፦ አያቶቻችን በአራስነታቸው ጠላ ጠጥተው አይደለም ወይ በወተት ያንበሸበሹን? ይህ ሁሉ ኩኪስ ምን ያደርጋል?

ከዳንግላ፦ ወንድማችን፣ አያትዎ ጠላውን ከገንፎና ከቅቤ ጋር ነበር የሚያገኙት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ይዞላቸው ተኝተው ያርሱ ነበር። ወተቱን ለጠላው ብቻ ምን አሰጠዎት?

ከቢቸና፦ ብቅሉ ነው እንጂ! ገብስ የማያውቅ ሰው እንዲህ ይላል።

መልስ፦ ጠላውን እዚህ ላይ እናቁም። ገብሱን ከፈለጋችሁት በበሶም በአጥሚትም ይገኛል። አልኮል የኦክሲቶሲንን ሥራ ያዳክማል፤ ወተቱ እንደልብ እንዳይወርድም ያደርጋል። አብሽ የሚጠጡትም በዚያው ይስሙኝ፦ አብሽ ወተት ይጨምር እንደሆነ የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። ለዚህ ሊጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ታምሶ የተፈጨ አብሽ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ፣ ለውዝ የማይስማማት ሴት አብሹን ትተወው።

ከደብረ ወርቅ፦ ጾም ላይ ነን፤ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል እንዴት ይጋገራል? ደግሞ የምታጠባ ሴት ትጾማለች ወይስ አትጾምም?

መልስ፦ ሁለተኛውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ለመጀመሪያው፣ በቅቤው ፋንታ 80 ግራም ዘይት፣ በእንቁላሉ ፋንታ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ እስኪያዝለገልግ የቆየ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ ይገባል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ወተቱ ገና አልመጣም። እናቴ እስከዚያው ለሕፃኑ ለጋ ቅቤና ማር እናልሰው ይላሉ። ኩኪሱን አሁን ብጋግርላት ይረዳል?

መልስ፦ ማር ለሕፃን አይሰጥም፤ በመግቢያዬ ብዬዋለሁ፣ እደግመዋለሁም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን፣ ሰውነት የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ ጀርም ዘር ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ሊቋቋመው አይችልም። የጎጃም ማር ንጹሕ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ቅቤውም፣ ውኃውም እንዲሁ ይቅር፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። አሁን ጥቂት በጥቂት የሚወጣው ወፍራም እንገር ለዚህ ቀን ሕፃን የሚበቃ ምግብ ነውና እንዳይታለብና እንዳይደፋ። ወተቱ በብዛት የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሊዘገይ ይችላል። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አስተኙት፣ ደጋግሞ ይጥባ፤ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሷት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። እናትዎን በአክብሮት ያስረዱ፤ ኩኪሱን እርስዎ ይጋግሩ፣ ባለቤትዎም በልታ ትተኛ።

ከመርጦ ለማርያም፦ ስለ እንክብሉስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ የትኛው እንክብል? የወሊድ መቆጣጠሪያውን ማለትዎ ከሆነ፣ ኢስትሮጅን ያለበት ወተት ሊቀንስ ስለሚችል እንደሚያጠቡ ለባለሙያው ይንገሩ። ሌላ እንክብል ከሆነ ስሙን ጽፈው ይጠይቁ።

ከባሕር ዳር፦ እኔም ጋግሬ ልሸጥ አስቤያለሁ። «ወተት የሚጨምር» ብዬ ብጽፍበትና ዋጋውንም ቢነግሩኝ?

መልስ፦ «ወተት የሚጨምር» ብለሽ አትጻፊ፤ ልጇ እየከሳባት ያለች እናት ጽሑፍሽን አምና ሁለት ሳምንት ልትጠብቅ ትችላለች። የገባበትን ሁሉ ዘርዝሪ፣ የተጋገረበትን ቀን ጻፊ፣ ማር እንዳለበትና ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንደማይሰጥ ከላይ በጉልህ አስፍሪ። የተወቀጠ ተልባ ቶሎ ስለሚበላሽ የጋገርሽውን ከሳምንት በላይ አታቆዪ። ዋጋውን የገበያሽ ቅቤ ይወስንልሽ።